መገኘትና መሥራት አንድ ናቸውን?

(በራዲዮ የተሰማ ንግግር)



በዛሬው ንግግራችን የምንመረምረው በየመሥሪያ ቤቱ ዘወትር የሚነሣ፣ ነገር ግን ተመዝኖ ሳይሆን በልማድ ብቻ የሚፈረድበት ጉዳይ ነው። ይኸውም ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ርቆ፣ በቤቱ ወይም በሌላ ስፍራ ሆኖ፣ የተሰጠውን ሥራ በሚገባ ሊፈጽም ይችላልን የሚለው ነው።

በእኛ ዘንድ ሥራ ማለት ወደ ሥራ መሄድ ማለት ሆኖ ኖሯል። «ሥራ ገባ»፣ «ከሥራ ወጣ» ስንል ሰውየው ምን እንደ ሠራ ሳይሆን በየትኛው በር እንዳለፈ መናገራችን ነው። ማለዳ በሰዓት መቈጣጠሪያው ላይ የሚፈረመው ፊርማም የሚመሰክረው የእግርን መድረስ እንጂ የእጅን መሥራት አይደለም። ኮቱን በወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቅሎ ወደ ግል ጉዳዩ ስለሚሄደው ሠራተኛ በከተማችን የሚቀለደው ቀልድም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ኮቱ ሲታይ ሰውየው እንደ ተገኘ፣ ሰውየው ሲገኝም ሥራው እንደ ተሠራ ይቈጠራልና።

በዚህ ጉዳይ ላይ በልማድ የያዝናቸው ሦስት እምነቶች አሉ። አንደኛው፣ አለቃው በዓይኑ የማያየው ሠራተኛ አይሠራም የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የዚህ ተቃራኒ ሆኖ በቅርብ ጊዜ የተነሣው፣ ኢንተርኔት ከመጣ ወዲህ ሰው ከሰው ጋር በአካል መቀራረቡ አያስፈልግም የሚለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ ከቤት ሆኖ መሥራት ለሠራተኛው የሚደረግ ችሮታ ነው እንጂ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያስገኘው ጥቅም የለም የሚለው ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሦስቱንም እምነቶች እንደገና እንድንመረምራቸው ያስገድዱናል። ከእነዚህም ጥናቶች ከብዙ በጥቂቱ እንመለከታለን። ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሳቸው ዘመናት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

በመሠረቱ ሰዎች በአንድ ቤት ተሰብስበው እንዲሠሩ ያደረጋቸው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሸማኔ በቤቱ ሆኖ ይሸምናል፤ ቁም ጸሐፊም ብራናውን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በጎጆው ይጽፍ ነበር። የሁለቱም ሥራ የሚመዘነው ተሠርቶ በተፈጸመው ሸማና ተጽፎ በተፈጸመው መጽሐፍ ነው እንጂ በተቀመጡበት ሰዓት ብዛት አይደለም። የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ግን ከእነዚህ የተለየ ችግር ነበረበት። የሥራው ዕቃ መዝገብ ነው፤ መዝገቡም አንድ ነው። አንድ ፋይል በአንድ ጊዜ በሁለት ስፍራ ሊገኝ ስለማይችል፣ ፋይሉን የሚያነበው፣ የሚመራው፣ መልስ የሚያረቅቀው፣ የሚፈርመውና ማኅተም የሚያሳርፈው ሁሉ ፋይሉ ወዳለበት ቤት መምጣት ግድ ሆነበት። አለቃው ምንዝሩን በዓይኑ ማየት መቻሉ ከዚህ መሰብሰብ የተገኘ ትርፍ ነበረ እንጂ የመሰብሰቡ ዋና ምክንያት አልነበረም። ዘመን እየቈየ ሲሄድ ግን ትርፉ ዋናውን ተክቶ ተቀመጠ፤ ማየትም እንደ መቈጣጠር፣ መታየትም እንደ መሥራት ተቈጠረ።

ትእዛዝን ወደ ሩቅ መላክና ከሩቅ መልስ መቀበል ለአገራችን አስተዳደር እንግዳ ነገር አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባንና ሐረርን በስልክና በቴሌግራፍ መስመር ካገናኙ ወዲህ፣ የጠቅላይ ግዛት ሹም በቤተ መንግሥት ደጅ ሳይቆም ጉዳዩን ለማሰማትና ትእዛዙን ለመቀበል ችሏል። በዚያ ጊዜ ርቆ የሄደው ድምፅ ብቻ ነበረ፤ ዛሬ ግን ራሱ መዝገቡ ርቆ ለመሄድ ይችላል። መዝገብ በኮምፒዩተር በተያዘበት መሥሪያ ቤት አንዱን ሰነድ ሦስት ሰዎች በሦስት ከተማ ሆነው በአንድ ሰዓት ሊያነቡት ይችላሉ። ትናንት ሰው ወደ መዝገቡ ይሄድ ነበር፤ ዛሬ መዝገቡ ወደ ሰው ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የመሰብሰቡ ዋና ምክንያት በብዙ ሥራ ላይ ከተነሣ፣ የቀረው ምክንያት ምን ያህል እንደሚመዝን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህን ጥያቄ ኢንተርኔት ከመስፋፋቱ ብዙ ዓመት አስቀድመው በሥራ የመለሱት ወይዘሮ ስቴፋኒ ሸርሊ ናቸው። ወይዘሮዋ በጀርመን አገር ተወልደው፣ በ1939 ዓ.ም. ገና የ5 ዓመት ሕፃን ሳሉ፣ ከናዚዎች ጭካኔ እንዲድኑ ወደ እንግሊዝ አገር ከተላኩት ሕፃናት ጋር የመጡ ስደተኛ ነበሩ። በ1962 ዓ.ም. በ6 ፓውንድ መነሻ ገንዘብ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፍ ድርጅት አቋቋሙ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር የተማረች ሴት ልጅ ስትወልድ ከሥራ መውጣቷ እንደ ደንብ የሚታይ ነበር። ወይዘሮ ሸርሊም ይህ የሚባክን ዕውቀት መሆኑን ተመልክተው ልጆቻቸውን በቤት የሚያሳድጉ የሒሳብና የኮምፒዩተር ዐዋቂ ሴቶችን ቀጠሩ። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች 297ቱ ሴቶች ነበሩ። ፕሮግራሙን በየቤታቸው በእርሳስና በወረቀት ይጽፉ ነበር። ለሥራ የሚያመለክቱትን ሴቶች ከሚጠይቋቸው ጥያቄዎች አንዱ በቤታቸው ስልክ መኖሩን ነበረ።

የዘመኑ ሰዎች ግን ሥራ በቤት ሊሠራ ይችላል ብለው አያምኑም ነበር። ስለዚህ ወይዘሮ ሸርሊ ደብዳቤዎቻቸውን በሴት ስም ሲጽፉ መልስ ባጡ ጊዜ «ስቲቭ» በሚል የወንድ ስም መፈረም ጀመሩ። ስልክ በሚደወልላቸውም ጊዜ የሕፃን ልቅሶ እንዳይሰማ በቴፕ የተቀዳ የጽሕፈት መኪና ድምፅ ከበስተኋላቸው ያሰሙ ነበር። ደንበኛውን ያሳመነው ይህ ድምፅ አንዲት ፊደል እንኳ የማይጽፍ መሆኑን ልብ ይሏል፤ በወንበር ላይ ከተሰቀለው ኮት ጋር አንድ ነው። እውነተኛው ሥራ ግን በጸጥታ በየቤቱ ይሠራ ነበር። ኮንኮርድ የተባለው ከድምፅ የፈጠነ አውሮፕላን የበረራ መመዝገቢያ ሣጥን ፕሮግራም ከተሠራባቸው እጆች መካከል የእነዚህ በቤታቸው ተቀምጠው የሚሠሩ ሴቶች እጆች ይገኙበታል። ድርጅቱ ከጊዜ በኋላ እጅግ አድጎ፣ የባለቤትነቱ ድርሻ ለሠራተኞቹ በመከፋፈሉ 70 የሚሆኑት ሠራተኞች ባለሚሊዮን ሆነዋል። ወይዘሮ ሸርሊ በ2025 ዓ.ም. በ91 ዓመታቸው ዐርፈዋል።

የርቀት ሥራን እንደ ጥናት ርእስ አድርገው ካነሡት ሰዎች መካከል ቀዳሚው ጃክ ኒልስ ናቸው። እኒህ አሜሪካዊ አስቀድሞ በጠፈር መንኰራኵር ሥራ የተሰማሩ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ በ1973 ዓ.ም. በደቡብ ካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ሆነው በሎስ አንጀለስ የሚገኝ የኢንሹራንስ ኩባንያ ሠራተኞች መሐል ከተማ ድረስ መምጣታቸውን ትተው ለመኖሪያቸው በሚቀርቡ ትናንሽ ጽሕፈት ቤቶች ቢሠሩ ምን እንደሚሆን መረመሩ። የጥናታቸውም መጽሐፍ በ1976 ዓ.ም. ታትሟል። እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር፣ የርቀት ሥራ ሲታሰብ ከመጀመሪያው «ቤት» ማለት ብቻ አለመሆኑ ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ርቆ፣ ለሠራተኛው ግን የቀረበ የሥራ ስፍራም እንደዚሁ የርቀት ሥራ ነው። ወደዚህ ነጥብ በመጨረሻ እንመለሳለን።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ሥራው መቻል ነው። ነገር ግን መቻሉ መሻሉን አያረጋግጥም። ይህን ለመለየት ሁለት እኩያ ቡድኖችን በዕጣ ለይቶ፣ አንዱን በቤት አንዱን በመሥሪያ ቤት አሠርቶ ማወዳደር ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ማወዳደር በሰፊው የተደረገው በቻይና አገር በሻንጋይ ከተማ ነው። ሲትሪፕ የተባለው የጉዞ ወኪል ኩባንያ የቢሮ ኪራይ ተወድዶበት፣ ከስልክ ሠራተኞቹም ብዙዎቹ በየዓመቱ እየለቀቁበት ተቸግሮ ነበር። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ጄምስ ሊያንግ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ ስለነበረ፣ ከኢኮኖሚ መምህሩ ከኒኮላስ ብሉም ጋር ሆነው በ2010 ዓ.ም. መገባደጃ ፈተናውን ጀመሩ። ፈቃደኞች ከሆኑትና መስፈርቱን ካሟሉት 249 ሠራተኞች መካከል የልደታቸው ቀን ሙሉ ቍጥር የሆነው በሳምንት አራት ቀን በቤታቸው፣ ጐዶሎ ቍጥር የሆነው በመሥሪያ ቤት እንዲሠሩ ተደረገ። ይህም ለ9 ወራት ቈየ።

ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ። በቤት የሚሠሩት ሠራተኞች የሥራ ውጤት ከባልንጀሮቻቸው በ13 በመቶ በለጠ። ከዚህም ውስጥ 9 በመቶ የሚሆነው ዕረፍትና የሕመም ፈቃድ ቀንሰው ብዙ ደቂቃ በመሥራታቸው፣ 4 በመቶ የሚሆነው ደግሞ በየደቂቃው ብዙ ስልክ በማስተናገዳቸው የተገኘ ነው። ሥራ የሚለቁትም በግማሽ ቀነሱ። የመጀመሪያው እምነት፣ ማለትም ያልታየ ሠራተኛ አይሠራም የሚለው፣ በዚህ ፈተና እንደ አጠቃላይ ሕግ ሊቆም አልቻለም።

ይሁን እንጂ የዚሁ ፈተና ሌላ ገጽ መነበብ አለበት። በቤት የሚሠሩት እኩል ሠርተው ሳለ ወደ ሹመት ደረጃ የሚያድጉት ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ሆኖ ተገኘ። «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» የሚለው የአገራችን ተረት በሻንጋይም እውነት ሆነ ማለት ነው። ፈተናው ካበቃ በኋላም ምርጫ ሲሰጣቸው፣ በቤት ይሠሩ ከነበሩት ግማሽ ያህሉ ወደ መሥሪያ ቤት ተመለሱ፤ ብቸኝነት ከብዷቸው ነበርና። እንግዲህ ቤት ለሁሉ የሚስማማ የሥራ ስፍራ አይደለም። ሠራተኛው ራሱ የሚስማማውን የሚያውቀው ከሞከረው በኋላ ነው።

የሻንጋዩን ውጤት ብቻ ይዞ በየአገሩ የሚያውጅ ሰው ግን ከባድ ስሕተት ላይ ይወድቃል። በሕንድ አገር በቸናይ ከተማ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ዴቪድ አትኪን፣ አንቷኔት ሾርና ሱሚት ሺንዴ በኮምፒዩተር ጽሑፍ የሚያስገቡ አዲስ ቅጥር ሠራተኞችን በዕጣ ለይተው አንዱን ክፍል በቤት፣ ሌላውን በቢሮ አሠሩ። በ2023 ዓ.ም. የወጣው ጥናታቸው እንደሚያሳየው በቤት የሠሩት ውጤት ከቢሮዎቹ በ18 በመቶ ያነሰ ነበር። ከዚህ ጉድለት ሁለት ሦስተኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታየ ሲሆን፣ የቀረው አንድ ሦስተኛ የመጣው በቢሮ ያሉት ሥራውን ቶሎ በመልመዳቸው ነው።

ሻንጋይና ቸናይ ለምን ተለያዩ? አንዱ ለፈተናው የመረጣቸው ሰዎች ቢያንስ ስድስት ወር በሥራው የቈዩ፣ በቤታቸው ለብቻ የሚሠሩበት ክፍልና ፈጣን መስመር ያላቸው ነበሩ። የሌላው ሠራተኞች ግን ለሥራው አዲሶች ነበሩ። ሥራውን አስቀድሞ የተማረ ሰው ጸጥታ ሲያገኝ ይፈጥናል፤ ገና የሚማር ሰው ግን ጸጥታው ራሱ መምህሩን ያሳጣዋል። ቤቱ የተጨናነቀበት ሰው ደግሞ ጸጥታውንም አያገኝም።

ይህ ወደ ሁለተኛው እምነት ይመራናል፤ ኢንተርኔት መቀራረብን ተክቷል ወደሚለው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበሩት ቶማስ አለን በ1977 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የሁለት መሐንዲሶች የሥራ ጠረጴዛ እርስ በርሱ በራቀ መጠን የመነጋገራቸው ዕድል በፍጥነት እንደሚቀንስ፣ ርቀቱም 30 ሜትር ያህል ሲደርስ ከቶ የሚገናኙ እስከማይመስሉ ድረስ እንደሚሆን ገልጸዋል። ይህ የተጻፈው ከኢንተርኔት በፊት ነው ቢባል፣ በ2020 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ማይክሮሶፍት ሠራተኞቹን ወደ ቤታቸው ባሰናበተ ጊዜ 61,182 የሚሆኑት የአሜሪካ ሠራተኞቹ ግንኙነት ተጠንቶ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉት እርስ በርሳቸው መነጋገራቸውን ቀጠሉ፤ የአንዱን ክፍል ከሌላው የሚያገናኘው ድልድይ ግን ሳሳ። የመሥሪያ ቤትን አሠራር የሚያውቅ ሰው የዚህን ትርጕም አይስተውም። ብዙ የተቈለፈ ጉዳይ የሚፈታው በደብዳቤ ልውውጥ ሳይሆን የበጀቱ ሰውና የግዥው ሰው በሻይ ሰዓት ተገናኝተው በሚነጋገሩት በሁለት ደቂቃ ነው።

በዚሁ ረገድ ናታልያ ኢማኑኤል፣ ኤማ ሃሪንግተንና አማንዳ ፓሌስ የተባሉ ተመራማሪዎች በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ የሶፍትዌር መሐንዲሶች ላይ ያደረጉት ጥናት ሊጠቀስ ይገባል። ከቡድን ጓዶቻቸው ጋር በአንድ ሕንፃ የሚቀመጡ ወጣት መሐንዲሶች በሥራቸው ላይ የሚሰጣቸው እርማትና ምክር ከተለያዩት ይልቅ የበዛ ነበር። ነገር ግን ይህን ምክር የሚሰጡት ነባር መሐንዲሶች በዚያው መጠን የራሳቸው ሥራ ይቀንስባቸው ነበር። እንግዲህ ነባሩ ሠራተኛ በቤቱ ሆኖ ብዙ ሠራ ሲባል፣ ከዚያ ላይ ለወጣቱ ሳያስተምር የቀረው ትምህርት መቀነስ አለበት። ዛሬ በሒሳብ የማይታየው ይህ ጉድለት ከዐሥር ዓመት በኋላ ልምድ ያለው ተተኪ በታጣ ጊዜ ይታያል።

አሁን ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ምሳሌ እንመልከት። የአሜሪካ የፈጠራ ባለመብትነትና የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት በ1997 ዓ.ም. የንግድ ምልክት መርማሪዎቹን በቤት ማሠራት ጀምሮ፣ ቀስ በቀስ ለፈጠራ መርማሪዎቹም ይህንኑ ፈቀደ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ መርማሪዎቹ በአገሪቱ ውስጥ በፈቀዱት ከተማ እየኖሩ እንዲሠሩ የሚያስችል ሥርዐት ዘረጋ። ፕሪትዊራጅ ቾድሪና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከቤት መሥራት ወደዚህ ወደ ፈቀዱት ስፍራ ሆኖ መሥራት የተሸጋገሩት መርማሪዎች ውጤት በ4.4 በመቶ ጨምሯል።

ይህ መሥሪያ ቤት እንዴት ተሳካለት ቢባል፣ ከሁሉ አስቀድሞ እያንዳንዱ መርማሪ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መርምሮ ሊጨርስ የሚገባው ማመልከቻ በቍጥር የታወቀ ስለ ነበረ ነው። ሠራተኛው ቨርጂኒያ ይቀመጥ ወይም ቴክሳስ፣ መለኪያው አንድ ነው። መለኪያው የተፈጠረው ለርቀት ሥራ ተብሎ አልነበረም፤ መለኪያው ስለ ነበረ ግን የርቀት ሥራ ተቻለ። ይህም ሆኖ የአሜሪካ መንግሥት ሐሳብ በአንድ ቦታ አልጸናም። የርቀት ሥራን የሚያበረታታ ሕግ በ2010 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2025 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቱ የፌዴራል ሠራተኞች ወደ መሥሪያ ቤታቸው በአካል እንዲመለሱ አዝዘዋል። ይህም በጉዳዩ ላይ ገና ክርክሩ ያልተዘጋ መሆኑን ያሳያል።

ሦስተኛውን እምነት፣ ማለትም የርቀት ሥራ ለሠራተኛው ችሮታ ብቻ ነው የሚለውን፣ የሚመረምርልን ያው የሻንጋዩ ኩባንያ ነው። ትሪፕ ዶት ኮም የሚል አዲስ ስም ከያዘ በኋላ፣ በ2021 እና በ2022 ዓ.ም. ሌላ ፈተና አደረገ። በዚህኛው የተሳተፉት 1,612 ሰዎች የተማሩ መሐንዲሶች፣ የገበያና የሒሳብ ሠራተኞች ሲሆኑ፣ በዕጣ የደረሳቸው ሮብና ዐርብ በቤታቸው፣ የቀሩትን ሦስት ቀናት በመሥሪያ ቤት ሠሩ። በ2024 ዓ.ም. በታተመው ውጤት መሠረት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ በሥራ ምዘናቸውም ሆነ በደረጃ ዕድገታቸው ልዩነት አልታየም። ሥራ የሚለቁት ግን በአንድ ሦስተኛ ቀነሱ፤ ይህም ይበልጥ የታየው በሴቶች፣ አለቃ ባልሆኑና ከሩቅ በሚመላለሱ ሠራተኞች ላይ ነው። የሠለጠነ ሠራተኛ ሲለቅ በምትኩ ቀጥሮ ማሠልጠን ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ የሚያውቅ አለቃ ይህን ችሮታ ሊለው አይችልም።

በዚህ ፈተና ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የአለቆቹ ጉዳይ ነው። ከፈተናው በፊት 395 አለቆች ተጠይቀው፣ ይህ አሠራር ሥራን በአማካይ በ2.6 በመቶ ይቀንሳል ብለው ገምተው ነበር። ካዩት በኋላ ግን በ1 በመቶ ያሳድጋል ወደሚል ግምት ተመለሱ። የአለቆቹን ሐሳብ የለወጠው በሥራ የታየው ውጤት ነው።

በአገራችንም በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መግባቱ ሲገለጽ፣ ብዙ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ታዝዞ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ያ ትእዛዝ ሕይወትን ለማዳን በአስቸኳይ የተወሰደ ርምጃ ስለ ሆነ፣ የርቀት ሥራ ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ለማለት እንደ ማስረጃ ሊቀርብ አይገባውም። ፋይሉ በመዝገብ ቤት ተቈልፎበት፣ መስመርና ኮምፒዩተር ሳይኖረው፣ ምን ሠርቶ እንደሚያስረክብም ሳይነገረው ወደ ቤቱ የተሸኘ ሠራተኛ የሚገኝበት ሁኔታ ስሙ የርቀት ሥራ ሳይሆን ዕረፍት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለመሥሪያ ቤት ሰው የሚጠቅመው ምክር ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ሊጠየቅ የሚገባው «እገሌ ከቤቱ ይሥራ ወይስ አይሥራ» ሳይሆን «ከሥራው የትኛው ክፍል መቀራረብን ይፈልጋል» የሚለው ነው። በችካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ጆናታን ዲንግልና ብሬንት ኒማን በ2020 ዓ.ም. እንደ ገመቱት፣ በአሜሪካ እንኳ ሙሉ በሙሉ በቤት ሊሠራ የሚችለው ሥራ 37 በመቶ ያህል ነው፤ ገቢያቸው አነስተኛ በሆነ አገሮች ደግሞ ከዚህ ያንሳል። ነርሷ፣ የመስኮት አገልግሎት ሠራተኛውና ጥበቃው ከስፍራቸው ሊርቁ አይችሉም። ሪፖርት ማርቀቅ፣ ሒሳብ ማስታረቅ፣ ትርጉምና የማመልከቻ ምርመራ ግን ጸጥታ እንጂ ጉባኤ አይፈልጉም።

ሁለተኛ፣ መለኪያው ከርቀቱ መቅደም አለበት። አንድ አለቃ ምንዝሩ በዚህ ሳምንት ምን ሠርቶ ማስረከብ እንደሚገባው በሁለት መሥመር ጽፎ ማስቀመጥ ካልቻለ፣ ሠራተኛውን በፊቱ ቢያስቀምጠውም አልተቈጣጠረውም፤ ተመለከተው እንጂ። መለኪያውም ብዛትን ብቻ ሳይሆን ጥራትንም መያዝ አለበት። ዐሥር ደብዳቤ መልሶ አራቱ በስሕተት ምክንያት የሚመለሱበት ሠራተኛ ዐሥር ሠራ አይባልምና።

ሦስተኛ፣ አዲስ ሠራተኛ ከመምህሩ ሊርቅ አይገባውም፤ መምህሩም ከአዲሱ ሠራተኛ ሊርቅ አይገባውም። የክፍሉ ባልደረቦች ሁሉ በአንድነት የሚገኙባቸው የታወቁ ቀናት ቢወሰኑ፣ ሌሎቹ ቀናት ያለ ጉዳት ሊለቀቁ ይችላሉ። ከሁለተኛው የሻንጋይ ፈተና የምንማረው ሥርዐት ይኸው ነው። ማስተማርም ራሱ ሥራ መሆኑ በነባሩ ሠራተኛ ምዘና ውስጥ ሊቈጠርለት ይገባል።

አራተኛ፣ የደረጃ ዕድገት ሲሰጥ ዓይን የሚያውቀውን ሳይሆን መዝገብ የሚያውቀውን መከተል ያስፈልጋል። አለበለዚያ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድሩ እናቶች፣ አካል ጉዳተኞችና ከከተማ ዳር የሚመላለሱ ሰዎች ሥራቸው ተቈጥሮ ስማቸው ይረሳል።

አምስተኛ፣ ቤት የሌለውን ነገር ከቤት መጠበቅ አይገባም። በአንዲት ክፍል ከልጆቹ ጋር የሚኖር፣ መብራት የሚቋረጥበትና የኢንተርኔቱን ዋጋ ከደመወዙ የሚከፍል ሠራተኛ ከቢሮ ይልቅ በቤቱ ይጐዳል። የጃክ ኒልስ የመጀመሪያ ሐሳብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ በየክፍለ ከተማው ባሉት ቅርንጫፎቹ ጥቂት ወንበርና አስተማማኝ መስመር ቢያዘጋጅ፣ ሠራተኛው የሁለት ሰዓቱን የመንገድ ጊዜ ይተርፋል፤ መሥሪያ ቤቱም ሥራውን አያጣም።

ስድስተኛና የመጨረሻው ስለ ባለጉዳዩ ነው። ከሩቅ አገር መጥቶ ደጅ የሚጠና ባለጉዳይ «ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ተመለስ» የሚለውን መልስ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ለዚህ ሰው «ከቤታቸው ነው የሚሠሩት» የሚለው መልስ የአሮጌው መልስ አዲስ ልብስ እንዳይሆንበት ያስፈልጋል። የማንኛውም የአሠራር ለውጥ እውነተኛ ፈተናው፣ ሠራተኛው ምቾት ማግኘቱ ወይም አለቃው መተማመኑ ብቻ ሳይሆን፣ የዚህ ሰው ጉዳይ ከትናንቱ ይልቅ በፍጥነትና በትክክል መፈጸሙ ነው።

ክቡራት አድማጮቻችን፤ ክቡራን አድማጮቻችን፤ ወይዘሮ ሸርሊ በቴፕ የቀዱት የጽሕፈት መኪና ድምፅ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ በልዩ ልዩ መልክ ይሰማል። በወንበር ላይ የተሰቀለው ኮት፣ በማለዳ የተፈረመው ፊርማ፣ አለቃው ሲያልፍ የሚገለጠው ፋይል ሁሉ የዚያ ድምፅ ወገኖች ናቸው። ሠራተኛው በቤቱ ይሁን በቢሮው፣ ርቆ ይሁን ቀርቦ፣ በማታው ሰዓት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ዛሬ የማን ጉዳይ ተፈጸመ የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ዘወትር የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ሠራተኛው የት እንደሚቀመጥ ለመወሰን አይቸገርም።